ያነሰ ሞገድ ሁሉ ያነሰ ዶፓሚን አይደለም

ጎንደር ላይ ለዓይን ሕክምና፣ ለኦፕቶሜትሪና ለሥነ አእምሮ ባለሙያዎችና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

ጤና ይስጥልን።

ማታ ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ መብራት ድንገት ሲጠፋ መጀመሪያ የገዛ እጃችሁን እንኳ አታዩም። ጥቂት ስትቆዩ የበሩ ቅርጽ ይለያል፤ ግማሽ ሰዓት ግድም ሲሞላ ደግሞ በመስኮት የምትገባው የከዋክብት ብርሃን ትበቃችኋለች። መብራቱ ሲመለስ ዓይናችሁን ጨፈን ታደርጋላችሁ፤ ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ይስተካከላል። ይህን የቀንና የሌሊት ማርሽ ከሚቀይሩልን ንጥረ ነገሮች ዋነኛው ዶፓሚን ነው። ብርሃን ሲመጣ ሬቲና ውስጥ፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ባለው ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን ውስጥ፣ ይለቀቃል፤ ሲጨልም ይቀንሳል፤ ሌሊቱን ሜላቶኒን የተባለው ሌላ ንጥረ ነገር ይረከበዋል።

ያው ዶፓሚን ከአእምሮ ውስጥ ሲጎድል ፓርኪንሰን የሚባለው የመንቀጥቀጥ በሽታ ይመጣል። ስኪዞፍሬኒያ፣ የትኩረት ማነስና ቅብጥብጥነት፣ ሱስ ሲነሱም ስሙ አብሮ ይነሳል። ችግሩ አእምሮ ራስ ቅል ውስጥ ተቆልፎበታል። ሬቲና ግን ደጅ የወጣ የአእምሮ ቁራጭ ነው። ጽንሱ ገና ሳምንታት ሳለ ከፊተኛው አእምሮ አብጦ የሚወጣ ኪስ ነው ሬቲና የሚሆነው፤ የዓይን ነርቭም አእምሮን በሚጠቀልለው ሽፋን የተጠቀለለ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም፦ በብርሃን ብልጭታ ሬቲናን ቀስቅሰን የሚሰጠውን ኤሌክትሪክ ብንመዘግብ፣ ስለ አእምሮ ዶፓሚን የሚነግረን ነገር ይኖራል?

መልሳችንን ከፊት እናስቀምጠው። ይነግረናል፤ ግን ዛሬ ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። የአንድን ሰው ውጤት ከሌላ ሰው ጋር አወዳድሮ «ይህ በሽታ አለብህ» ለማለት መሣሪያው አልደረሰም። ያንኑ ሰው ከራሱ ጋር ለማወዳደር ግን፣ መድኃኒት ሳይጀምርና ከጀመረ በኋላ፣ ዘንድሮና ለከርሞ፣ ጥሩ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ያም የሚሆነው ክፍሉ፣ ኤሌክትሮዱና መዝገቡ ከተያዙ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሰዓታችን አብዛኛውን የምናጠፋው እዚያ ላይ ነው።

ሬቲና ውስጥ ዶፓሚን ምን ይሠራል

ሬቲና ውስጥ ዶፓሚን የሚያመርቱት አማክራይን ከሚባሉት የውስጠኛው ሬቲና ነርቭ ሴሎች ጥቂቶቹ ናቸው፤ ከመቶ አማክራይን ሴሎች አንድ እንኳ አይሞሉም። ነገር ግን ክራቸው ተዘርግቶ መላውን ሬቲና እንደ መረብ ይሸፍናል። ዶፓሚኑም ከአንድ ሴል ወደ ጎረቤቱ ብቻ አይተላለፍም፤ ወጥ ውስጥ እንደ ገባ ጨው በዙሪያው ይሰርጋል። ዲ1 የሚባለው የዶፓሚን ተቀባይ ሆሪዞንታል፣ ባይፖላርና አማክራይን በሚባሉት የሬቲና ሴሎች ላይ ይገኛል። የዲ2 ቤተሰብ የሆነው ዲ4 በብርሃን ተቀባዮቹ ሴሎች፣ በደብዛዛ ብርሃን በሚሠራው ሮድና በደማቅ ብርሃን በሚሠራው ኮን ላይ ነው፤ ራሱ ዲ2 ደግሞ ዶፓሚን በሚያመርቱት ሴሎች ላይ ተቀምጦ «በቃ፣ ቀንስ» የሚል ልጓም ነው።

ዋና ሥራው ሴሎች እርስ በርስ የተያያዙባቸውን ቀዳዳዎች ማጥበብ ነው። ሌሊት ሴሎች ተያይዘው ያለችውን ጥቂት ብርሃን ያጠራቅማሉ፤ ቀን ሲሆን ዶፓሚን ያለያያቸዋል፣ ምስሉም ይጠራል። ዶፓሚን ሲጎድል ይህ መለያየት ይላላል። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ሰሌዳ ላይ ያለውን ጥቁር ፊደል በደንብ እያነበበ፣ ግራጫ በግራጫ የሆነውን ደረጃ ሲወርድ የሚደናቀፈው አንድም በዚህ ነው፤ የንፅፅር እይታው ይደክማል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳት ነገር አለ። የሬቲና ዶፓሚን ሴሎች ሰብስታንሺያ ናይግራ ከሚባለው ዶፓሚን አምራች የአእምሮ ክፍል ጋር በሽቦ የተገናኙ አይደሉም። አንዱ ሲሞት ሌላው ወዲያው አይሞትም። የሚያገናኛቸው አንድ ዓይነት ዘር፣ አንድ ዓይነት ኢንዛይም፣ አንድ ዓይነት ተጋላጭነት፣ በደም የሚደርሳቸውም አንድ መድኃኒት ነው። ሁለት ወንድማማቾች እንጂ መስታወትና ፊት አይደሉም።

የሚመዘገበው ምንድን ነው

ታሪኩን በአጭሩ እናልፈዋለን፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስዊድናዊው ፍሪቲዮፍ ሆልምግሬን በ1865 ዓይን ለብርሃን ኤሌክትሪካዊ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳየ። ጄምስ ዲዋር በ1877 ከሰው ዓይን መዘገበ። ራግናር ግራኒት በ1933 ሞገዱን ወደ ክፍሎቹ በተነው፤ በ1967 ከኖቤል ተሸላሚዎች አንዱ ሆነ። ሎሪን ሪግስ በ1941 ኤሌክትሮዱን ኮንታክት ሌንስ ላይ አሳረፈው፤ ጎስታ ካርፔ በ1945 ምርመራውን ወደ ክሊኒክ አስገባው።

ዛሬ ኢአርጂ፣ ማለትም ኤሌክትሮሬቲኖግራም፣ ስንል በማይክሮቮልት የሚለካ ሞገድ ማለታችን ነው። መጀመሪያ ወደ ታች የሚወርደው ኤ ሞገድ ከብርሃን ተቀባዮቹ ይመጣል። ቀጥሎ ወደ ላይ የሚወጣው ቢ ሞገድ በዋናነት ብርሃን ሲበራ የሚነቁት የኦን ባይፖላር ሴሎች ነው። በቢ ሞገድ መውጫ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የሚታዩት ትንንሽ ንዝረቶች ኦሲላቶሪ ፖቴንሻል ይባላሉ፤ ምንጫቸው አማክራይን ያሉበት የውስጠኛው ሬቲና ነው። ስለ ዶፓሚን የሚጠይቅ ሰው ዓይኑን እነዚህ ላይ ቢጥል አይሳሳትም። ፓተርን ኢአርጂ ደግሞ ብልጭታ ሳይሆን የሚገለባበጥ ጥቁርና ነጭ የዳማ ሰሌዳ አሳይቶ ማኩላን፣ ማለትም የሬቲናውን የጠራ እይታ ማዕከል፣ እና ምልክቱን በዓይን ነርቭ ወደ አእምሮ የሚልኩትን ጋንግሊዮን ሴሎች ይፈትሻል።

ለእያንዳንዱ ሞገድ ሁለት ቁጥር ይያዛል፦ ከፍታውና ጫፉ ላይ ለመድረስ የወሰደው ጊዜ። ከፍታ በኤሌክትሮድ አቀማመጥ ይዋልላል፤ ጊዜው ግን የረጋ ነው። ሁለቱ ከተጣሉ ጊዜውን ብታምኑ ይሻላል።

ክፍሉና አሠራሩ

ዓለም አቀፉ የእይታ ክሊኒካዊ ኤሌክትሮፊዚዮሎጂ ማኅበር የመጀመሪያውን መመዘኛ በ1989 አውጥቷል፤ የ2022ቱን እትም እንከተላለን። ከእሱ ያፈነገጠ ምዝገባ ከሌላ ቦታ ውጤት ጋር አይወዳደርም።

መጀመሪያ የዓይን ምርመራ ይደረጋል፤ የዓይኑ የፊት ክፍል ጠባብ ከሆነ የብሌን ማስፊያ ጠብታ አደጋ አለው። የሬቲና ፎቶ መነሳት ካለበት ከኢአርጂው በኋላ ይሁን፤ ቀድሞ ከተነሳ ቢያንስ 30 ደቂቃ በተራ የክፍል ብርሃን ይቀመጥ። ማስፊያው፣ ትሮፒካማይድ 1 በመቶ፣ ይጨመራል፣ ብሌኑ እስኪሰፋ ይጠበቃል፣ በማስመሪያ ተለክቶ በሚሊሜትር ይጻፋል።

ከዚያ 20 ደቂቃ ሙሉ ጨለማ። ሙሉ ጨለማ ሲባል የመጋረጃው ጠርዝ፣ የበሩ ስር፣ የዩፒኤሱ አረንጓዴ መብራት፣ የአስታማሚው ሞባይል ሁሉ ይቆጠራሉ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ራሳችሁ ክፍሉ ውስጥ 20 ደቂቃ ተቀመጡና የምታዩት ነገር ካለ ክፍሉ ጨለማ አይደለም። ጥቁር ፕላስተርና ወፍራም ጋቢ ከብዙ ውድ መጋረጃ ይሻላሉ። ኮርኒያ፣ ማለትም የዓይን ፊተኛ ጥርት ያለ ሽፋን፣ ላይ የሚያርፍ ኤሌክትሮድ ከጨለማው በኋላ በደብዛዛ ቀይ ብርሃን ከተደረገ 5 ደቂቃ ይጨመርለት።

ኤሌክትሮዱ ብዙ ዓይነት ነው። ዲቲኤል የሚባለው በብር የተለበጠ ቀጭን የናይለን ክር ነው፤ በታችኛው ሽፋሽፍት ጠርዝ፣ እንባ በሚቋጥርበት መስመር ላይ ይዘረጋል። ክሩ ወደ ሽፋሽፍቱ ኪስ ከገባ ሞገዱ በግልጽ ያንሳል፤ ከምናያቸው «የታመሙ» ሬቲናዎች ስንቶቹ የተንሸራተተ ክር እንደሆኑ እግዜር ይወቀው። ማነጻጸሪያው ኤሌክትሮድ ከውጭኛው የዓይን ማዕዘን ጎን፣ የመሬት ኤሌክትሮዱ ግንባር ወይም ጆሮ ጫፍ ላይ ይለጠፋል። ቆዳው በማሻሻ ጄል ታሽቶ የመቋቋም መጠኑ ከ5 ኪሎ ኦም በታች ይውረድ። ቅቤ የተቀባ ፀጉርና ቅባት ያለው ግንባር ይህን ቁጥር ያበላሻሉ፤ በአልኮል ይጠረግ። ኩል የተኳለች ሴት ከመጣች ኩሉ ታጥቦ ሳያልቅ ክሩን አታስገቡ፤ ብናኙ ክሩን ይለብሰዋል፣ ዓይንንም ይቆረቁራል። ስለዚህ በቀጠሮ ወረቀቱ ላይ «ቅቤና ኩል ሳይቀቡ ይምጡ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ።

ከታችኛው ሽፋሽፍት ስር ቆዳ ላይ የሚለጠፉ ኤሌክትሮዶችና በእጅ የሚያዙ ትንንሽ መሣሪያዎችም አሉ። ለሕፃናትና ለሚረበሹ ሕመምተኞች መልካም ናቸው። ነገር ግን ከቆዳ የሚገኘው ሞገድ ከኮርኒያው እጅግ ያነሰ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ መዝገብ አታቀላቅሉ።

የብልጭታው ቅደም ተከተል ከደካማ ወደ ብርቱ ነው። በጨለማ መጀመሪያ 0.01 ካንዴላ ሰከንድ በካሬ ሜትር፣ በብልጭታዎች መካከል ቢያንስ 2 ሰከንድ፤ ይህ የሮዶች ነው። ቀጥሎ 3፣ በየ10 ሰከንዱ፤ ከዚያ 10፣ በየ20 ሰከንዱ። ከዚያም በካሬ ሜትር 30 ካንዴላ በሆነ የጀርባ ብርሃን 10 ደቂቃ ይቆያል፤ ባለ 3 ብልጭታና በሰከንድ 30 ጊዜ ገደማ የሚርገበገበው ይከተላሉ፤ እነዚህ የኮኖች ናቸው። በጨለማ በባለ 3 ብልጭታ የኤ ሞገድ ጫፍ 15 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ፣ በብርሃን የቢ ሞገድ ጫፍ 30 አካባቢ ይጠበቃል። ቸኩሎ የብልጭታዎቹን ክፍተት ያሳጠረ ሰው ሬቲናውን እያደነዘዘ ይመዘግባል፣ ከዚያም «ቢ ሞገዱ ወርዷል» ይላል።

ፓተርን ኢአርጂ የራሱ ሥርዓት አለው። ብሌን አይሰፋም፤ መነጽር የሚያስፈልገው ያደርጋል፤ ከ100 ያላነሱ ምላሾች ተደምረው ይካፈላሉ፤ ሞገዱ ጥቂት ማይክሮቮልት ብቻ ነውና። ስለዚህ ከማስፊያው ጠብታ በፊት ይሠራ።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። የአገራችን ኃይል 50 ኸርትዝ ነው። ኦሲላቶሪ ፖቴንሻሎች የሚንቀጠቀጡት ከ100 እስከ 160 ኸርትዝ ባለው አካባቢ ነው፤ የ50 እጥፎች 100 እና 150 ናቸው። ተመልከቱ፣ የምንፈልገው ምልክትና የግድግዳው ኤሌክትሪክ ቆሻሻ አንድ መንደር ይኖራሉ። 50 ኸርትዝን የሚቆርጥ ማጣሪያ መግጠም ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ግን ሞገዱን ራሱን ያጣምመዋል። የሚሻለው ምንጩን ማድረቅ ነው፦ የሶኬቱን የመሬት መስመር በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስፈተሽ፣ የኤሌክትሮዶቹን ሽቦ እርስ በርስ መጠምዘዝ፣ ኮምፒውተሩን በባትሪ ማሠራት፣ ቻርጀርን ነቅሎ ከክፍሉ ማውጣት። ከዚያ የሕመምተኛውን ዓይን በጥቁር ጨርቅ ሸፍናችሁ ብልጭታውን አስነሱ። መስመሩ ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ሞገድ ካለ ሬቲና አይደለም።

መብራት መሃል ላይ ከሄደ ጨለማው አይጎዳም። የሚጎዳው ሲመለስ ነው፤ ማብሪያው ሳይጠፋ ተረስቶ ከነበረ ክፍሉ ቦግ ይላል፣ 20 ደቂቃውም ከዜሮ ይጀምራል። የዋናው ክፍል አምፖል ከሶኬቱ ይውጣ።

ሰዓቱም ይጻፍ። በጨለማ የሚታየው የሮድ ምላሽ ማለዳ፣ ጎህ ከቀደደ ብዙ ሳይቆይ፣ ያነሰ ነው። አንድን ሰው ዛሬ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በስድስት ወሩ ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት መዝግቦ ማወዳደር ገበያ ላይ በሁለት ዓይነት ቁና እንደ መስፈር ነው።

የተገኘው ምንድን ነው

ማስረጃው የሚጠነክረው በፓርኪንሰን ነው። ይህ በሽታ ኖሮባቸው የሞቱና ሌቮዶፓ የተባለውን የፓርኪንሰን መድኃኒት ያልወሰዱ ሰዎች ሬቲና ሲመረመር ዶፓሚኑ አንሶ ተገኝቷል። አልፋ ሲኑክሊን የተባለው ፕሮቲን ክምችትም ሬቲና ውስጥ ታይቷል። በኢአርጂ የቢ ሞገድና የኦሲላቶሪ ፖቴንሻል መውረድ፣ በፓተርን ኢአርጂ ለመካከለኛ መጠን የዳማ ሳጥኖች የሚሰጠው ምላሽ መድከም ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተዘግቧል፤ ሌቮዶፓ ሲሰጥ የተሻለባቸውም አሉ። ኤምፒቲፒ በተባለው መርዝ ፓርኪንሰን የያዛቸው ጦጣዎች ላይም ፓተርን ኢአርጂ ተለውጧል። መንስኤውን የምናውቀው እዚያ ስለሆነ ይህ ማስረጃ ብዙ ይመዝናል።

ስኪዞፍሬኒያ ላይ የኤ እና የቢ ሞገዶች ዝቅ ማለት በተደጋጋሚ ታይቷል። በ2010 ካናዳ ኬቤክ ውስጥ የወጣ ጥናት ደግሞ ራሳቸው ያልታመሙ፣ ግን ስኪዞፍሬኒያ ወይም ባይፖላር ካለባቸው ቤተሰቦች የተወለዱ ወጣቶች ላይ የሮድ ምላሽ መቀነሱን አሳየ። ኮኬይን ያቆሙ ሰዎች ላይ የሰማያዊ ኮኖች ምላሽ መዳከም ተዘግቧል። የትኩረት ማነስ ባለባቸው ላይ ግኝቱ እርስ በርሱ አይስማማም።

አሁን ርዕሳችን ላይ ደረስን። ፓርኪንሰን ማለት ዶፓሚን ጎደለ ማለት ነው፤ ቢ ሞገድ ይወርዳል። ስኪዞፍሬኒያ ደግሞ በዋናው መላምት መሠረት ስትራያተም በሚባለው የአእምሮ ክፍል ዶፓሚን የበዛበት ነው፤ እዚያም ቢ ሞገድ ይወርዳል። የዚህን ያህል ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ነገሮች አንድ ዓይነት ምልክት ከሰጡ፣ ምልክቱ ዶፓሚንን ብቻ እየቆጠረ አይደለም። ቢ ሞገድ የሚነሳው ግሉታሜት በተባለ ሌላ የነርቭ መልእክተኛ ነው፤ ጋባ የሚባለው መልእክተኛም ይነካዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው አብዛኞቹ የተመረመሩት መድኃኒት እየወሰዱ ነው። ለስኪዞፍሬኒያ የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል ሥራው የዲ2 ተቀባይን መዝጋት ነው፤ ያው ተቀባይ ሬቲና ውስጥም አለ። በሽታውን እየለካን ነው ወይስ ኪኒኑን? የሚያጨሱትም ብዙ ናቸው፤ ኒኮቲን ራሱ ኢአርጂን ይነካል።

እኛ ጋ ምን ያሳስታል

የውጭ ጥናቶች የማያነሷቸው፣ እዚህ ግን በየቀኑ የሚመጡ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ዳፍንት፣ ማለትም ሲመሽ አለማየት፣ ነው። ቫይታሚን ኤ ያነሰው ሰው የሮድ ምላሹ ይወርዳል፣ ሲብስም ይጠፋል፤ ቫይታሚኑ ሲሰጠው ይመለሳል። የረጅም ጊዜ የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ ምግቡን በቅጡ የማይበላ ሰው የሮድ ሞገዱ ወርዶ ብታዩ ከዶፓሚን በፊት ስለ ጎመን፣ ካሮትና ጉበት ጠይቁ። «ሲመሽ ይደናበራል ወይ?» ብሎ ቤተሰቡን መጠየቅ ወጪ የለውም።

ትራኮማ ያደበዘዘው ወይም ጠባሳ የጣለበት ኮርኒያና የዓይን ሞራ ብርሃን ይከለክላሉ። በመተማ በኩል ከሚመጡት መካከል ኦንኮሰርካ የተባለው ጥገኛ ትል ሬቲናውን ራሱን ነክቶት ሊሆን ይችላል። ስኳር በሽታ ኦሲላቶሪ ፖቴንሻሎችን የሬቲና ጉዳት በዓይን ሳይታይ በፊት ይቀንሳል፤ የደም ስኳር ሳይለካ ስለ አማክራይን ሴል ማውራት ድፍረት ነው። ከፍተኛ የቅርብ እይታ ያለው ሰው ዓይኑ ረጅም ስለሆነ ሞገዱ ያንሳል። የወባ መድኃኒቱን ክሎሮኪን ለረጅም ጊዜ የወሰደ፣ ለሳንባ ነቀርሳ ኤታምቡቶል ላይ ያለ ሰው ለብቻው ይመዝገብ።

ጫት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንን ከጎተራው ያስወጣል፣ ብሌንንም ያሰፋል። ሰውየው ትናንት ቅሞ ዛሬ ሲመጣና ሳምንት ሳይቅም ሲመጣ አንድ አይደለም። የጥያቄው አጠያየቅም ይታሰብበት፤ «ይቅማሉ?» ከተባለ «የለም» ይላል፣ «መጨረሻ የቃሙት መቼ ነው?» ከተባለ ቀኑን ይነግራችኋል።

የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ዓይኑን የሚያርገበግበው ከልማዱ ባነሰ ነው፤ ኮርኒያው ይደርቃል፣ ክሩም ግንኙነት ያጣል። በየመሃሉ ሰው ሠራሽ እንባ ጠብ አድርጉለት። የራስ መንቀጥቀጥ ካለ አገጭ መደገፊያውን በጨርቅ አለስልሱት። ለመንቀጥቀጥ የሚሰጠውን አርቴን የሚወስድ ከሆነ ብሌኑ ቀድሞውኑ የሰፋ ነው፣ ጠባብ ማዕዘን ካለውም አደጋው እጥፍ ነው። ሌቮዶፓ የወሰደበት ሰዓት በደቂቃ ይጻፍ። ለምርመራ ተብሎ መድኃኒት ማቋረጥ የሐኪሙ ውሳኔ ብቻ ነው፤ ኢአርጂ የሚሠራው ባለሙያ «ነገ ሳይወስዱ ይምጡ» የማለት ሥልጣን የለውም።

የማነጻጸሪያ ቁጥርም ከሌላ አገር አይዋስም። መመዘኛው ራሱ እያንዳንዱ ቤተ ሙከራ የራሱን የጤነኞች ቁጥር እንዲያወጣ ይጠይቃል። የዓይን ውስጥ ቀለም ጥቁረት የሞገዱን ከፍታ ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ከአውሮፓ በመጣ ሰንጠረዥ የጎንደርን ሰው መመዘን ጤነኛውን ታማሚ ማድረግ ነው። በየዕድሜ ክልሉ፣ በተመሳሳይ ኤሌክትሮድና በተመሳሳይ ሰዓት የተመዘገቡ የአካባቢው ጤነኞች ያስፈልጋሉ። ከእነሱ የተወሰኑትን በሁለት ሳምንት ልዩነት ድገሟቸው። ሰው ሳይታመም በራሱ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ከዚያ ያነሰ ለውጥ ለውጥ አይባልም።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ

ከሥነ አእምሮ ወይም ከነርቭ ክሊኒክ «ዶፓሚኑን እዩልኝ» የሚል ማዘዣ ሲመጣ፣ መልሱ ላይ ዶፓሚን የሚለው ቃል ባይገባ ይመረጣል። የሚጻፈው ይህ ነው፦ የኤሌክትሮዱ ዓይነት፣ የብሌን ስፋት፣ ሰዓቱ፣ የመጨረሻው መድኃኒትና ሰዓቱ፣ ጫትና ሲጋራ፤ ከዚያ የእያንዳንዱ ሞገድ ከፍታና ጊዜ በሁለቱም ዓይን፤ ከዚያ «ከዚሁ ሰው ካለፈው ምዝገባ ጋር ሲነጻጸር» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። ያለፈ ምዝገባ ከሌለ «የመጀመሪያ ምዝገባ፣ ለወደፊት ማነጻጸሪያ» ብላችሁ ዝጉት። አንዱ ዓይን ብቻ ከወረደ የዓይን ወይም የኤሌክትሮድ ጉዳይ ነው ብላችሁ ጀምሩ፤ በደም የሚዞር መድኃኒት አንዱን ዓይን መርጦ አይነካም። ክሩን አስተካክላችሁ ያንኑ ዓይን ድገሙት፣ ሁለቱንም መስመሮች በወረቀቱ ላይ አትሟቸው።